የሚፈራ ውሻን ወይም ድመትን ሳያስጨንቁ ቤት ውስጥ ማበጠር፣ ጥፍር መቁረጥና ማጠብ

«ብሩሹን ሲያይ አልጋ ሥር ይገባል።» «ጥፍሩን ልቆርጥ እግሩን ስይዘው ያጉረመርማል።» «ድመቷን ለማጠብ ሞክረን እጃችንን ቧጭራ ጨረሰችው።» ውሻና ድመት ከሚያሳድጉ ሰዎች በየጊዜው የሚደርሰን ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱ በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጠነዋል።

መመሪያው በሌላው ጊዜ ከእርስዎ ጋር ተግባብቶ ለሚኖር፣ ብሩሽ፣ ውሃ ወይም የጥፍር መቁረጫ ሲመጣ ግን ለሚፈራ እንስሳ ነው። ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ ያቆሰለ ወይም ጨርሶ የማይነካ ከሆነ በመጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ከሁሉም ይቀድማል፦ ሥራው ዛሬ ማለቅ የለበትም። ዛሬ አንድ ጥፍር ብቻ ተቆርጦ እንስሳው ተረጋግቶ ከሄደ ነገ ሁለተኛውን ይሰጥዎታል። ሦስት ሰው ይዞት አሥራ ስምንቱም ጥፍሩ የተቆረጠ ውሻ ግን በሚቀጥለው ጊዜ መሳቢያው ሲከፈት ይሸሻል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ጥርሱ ሰፋ ያለና ጫፉ የደነዘዘ የብረት ማበጠሪያ። ሥራው ቋጠሮ ማግኘትና መፍታት ነው።
• አጭር ፀጉር ላለው እንስሳ የጎማ ብሩሽ፤ ረጅም ፀጉር ላለው ደግሞ ቀጫጭን የታጠፉ ሽቦዎች ያሉት ብሩሽ። የሽቦውን ብሩሽ ከመጠቀምዎ በፊት በራስዎ ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይሳቡት። የሚጭርዎት ከሆነ በዚያ ኃይል እንስሳውንም ይጭረዋል።
• ጥርሱ የተጠጋጋ የቁንጫ ማበጠሪያና ለመዥገር የሚሆን ወረንጦ።
• ለእንስሳት የተሠራ ስለታም የጥፍር መቁረጫ። የደነዘዘ መቁረጫ ጥፍሩን ከመቁረጡ በፊት ይጨምቀዋል፤ ብዙ ውሾች የሚጠሉት ይህንን ነው።
• በትንሽ ክዳን ላይ የተቀመጠ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ ደም ቢመጣ ለማቆም።
• የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ፣ ሦስት ፎጣ፣ ሁለት ባልዲ፣ ሳፋና ጆግ።
• ለውሻ ወይም ለድመት ተብሎ የተሠራ ሻምፖ።
• ጉርሻ።

የጉርሻው ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ከተለመደው ምግቡ የተሻለ፣ እንስሳው በጣም የሚወደውና በሌላ ጊዜ የማያገኘው መሆን አለበት፤ ለምሳሌ የተቀቀለ ጉበት፣ አጥንት የሌለው የዶሮ ሥጋ ወይም የተቀቀለ ዓሣ። ለውሻ በሽምብራ ፍሬ ልክ፣ ለድመት ከዚያም ባነሰ መጠን ይክተፉትና ለአንድ ጊዜ 30 ወይም 40 ፍሬ ያዘጋጁ። ከወጥ የወጣ ሥጋ አይሆንም። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፤ ድመት ላይ ደግሞ ይብሳል። ጨው፣ በርበሬ፣ ቸኮሌትና ዘቢብም የተከለከሉ ናቸው። የጾም ወቅት ሆኖ ቤት ውስጥ ሥጋ የማይቀቀል ከሆነ አስቀድመው ቀቅለው በትንንሽ ፌስታል ከፋፍለው በፍሪዘር ያስቀምጡ። ለውሻ የተቀቀለ ስኳር ድንችም ይሠራል። ለድመት ግን አይሞክሩት፣ አትነካውም።

ፍርሃቱን ከማጉረምረሙ በፊት ማወቅ

ብዙ ሰው «በድንገት ነከሰኝ» ይላል። እውነቱ ግን እንስሳው ቀደም ብሎ ብዙ ጊዜ ተናግሯል።

ውሻ ሲጨነቅ ምግብ ሳይኖር አፍንጫውንና ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይዘው ያዛጋል፤ ፊቱን ያዞርና በዓይኑ ጥግ ያያል፤ በዚህ ጊዜ የዓይኑ ነጭ ክፍል ይታያል። አንድ የፊት እግሩን ያነሳል፣ ጅራቱን ይወሽቃል፣ ሙቀት ሳይኖር ያለከልካል። ከሁሉም አደገኛው ድርቅ ብሎ መቆሙ ነው። ዝም ስላለ ፈቀደ ማለት አይደለም፤ ከመንከስ በፊት ያለው የመጨረሻ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ድመት ደግሞ የጅራቷን ጫፍ ታወዛውዛለች፣ የጀርባዋ ቆዳ ይርገበገባል፣ ጆሮዋን ወደ ጎን ትጥላለች፣ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ ራሷን ወደ እጅዎ በፍጥነት ታዞራለች። ይህን ካዩ የቀረዎት ጊዜ የሰከንዶች ነው።

ሌላው አስተማማኝ መለኪያ ምግብ ነው። የሚወደውን ጉበት አልበላም ካለ ፍርሃቱ ከልክ አልፏል፤ ያን ጊዜ የሚያስተምሩት ነገር አይገባውም። ዕቃውን አስቀምጠው ለዕለቱ ያቁሙ።

አሠራሩ

1. ሕመም አለመኖሩን ያረጋግጡ።

ቀድሞ በደንብ ይበጠር የነበረ እንስሳ በድንገት መፍራት ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው። የጆሮ ቁስለት፣ የጥርስ ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ በፀጉር የተሸፈነ ቁስል። በዕድሜ የገፋች ድመት የታችኛው ጀርባዋ ላይ ፀጉሯ ከተቋጠረ ስንፍና አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያዋ አሟት ወይም ወፍራ ወደዚያ መድረስ አቅቷት ነው። ሕመሙ ሳይታከም የሚደረግ ልምምድ ሁሉ ከንቱ ነው። በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው አለማለፉን ይመልከቱ። ጥፍር የሚቆርጥ ሰው እጁ ከእንስሳው አፍ አጠገብ ነውና።

2. ቦታና ሰዓት ይምረጡ።

እንግዳ የማይገባበት፣ ቴሌቪዥን የጠፋበት፣ ልጆች የማይሯሯጡበት ክፍል ይሁን። ከእግሩ በታች የማያንሸራትት ምንጣፍ ያንጥፉ። በሴራሚክ ወለል ላይ እግሩ የሚከዳው ውሻ ብሩሹን ባይፈራ እንኳ መውደቅን ስለሚፈራ አይረጋጋም። ትንሽ የእግር ጉዞ ወይም ጨዋታ ካደረገ በኋላና ትንሽ ራብ ሲለው መጀመር ይሻላል።

ሥራውን የሚሠራው ሰው በየቀኑ የሚመግበው ሰው ይሁን። ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ የግቢ ውሻ ከዘበኛው በቀር ማንም ነክቶት ላያውቅ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ሥልጠናውን ዘበኛው ይጀምር፣ እርስዎ ከጎን ሆነው ጉርሻ ይስጡ። ማሰሪያው ላይ እንዳለ ግን አይበጠር። መሸሽ እንደማይችል ያወቀ ውሻ ያለው ምርጫ መንከስ ብቻ ነው።

3. መጀመሪያ መንካት፣ ቀጥሎ ማጉረስ።

አብዛኛው ሰው የሚያፋልሰው ይህን ቅደም ተከተል ነው። ጉርሻውን መጀመሪያ ካሳዩትና እየበላ ሳለ ብሩሹን ካመጡ፣ እንስሳው «ጉበት ሲመጣ ክፉ ነገር ይከተላል» ብሎ ይማርና ጉበቱንም መሸሽ ይጀምራል። ንክኪው ከቀደመና ጉርሻው ከተከተለ ግን ንክኪው የመልካም ነገር ምልክት ይሆናል።

በባዶ እጅ ይጀምሩ። ትከሻውን ለአንድ ሰከንድ ይንኩ፣ እጅዎን ያንሱ፣ ያጉርሱት። አሥር ጊዜ ይድገሙና ይበቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ጀርባውን፣ ከዚያ ደረቱን፣ ጎኑን፣ በመጨረሻም እግርን፣ ጆሮንና ጅራትን። እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚፈሩ ስለሆኑ አይቸኩሉባቸው። አንዱ ልምምድ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ቢሆን ይበቃል። እጅዎን ሲያይ ወደ ጉርሻው ዞር ብሎ መጠበቅ ሲጀምር ወደሚቀጥለው ይለፉ።

4. አገጩን እንዲያሳርፍ ያስተምሩት።

ለውሻ ከዚህ የሚሻል ዘዴ አናውቅም። መሬት ላይ ተቀምጠው የታጠፈ ፎጣ ጭንዎ ላይ ያድርጉ። ጉርሻ በያዘው እጅ አፍንጫውን ወደ ፎጣው ይምሩት፤ አገጩ ፎጣውን በነካበት ቅጽበት «ጎበዝ» ብለው ያጉርሱት። ነገሩ ሲገባው ጉርሻ በሌለው እጅ ብቻ ፎጣውን ያሳዩት፤ አገጩን ሲያሳርፍ ጉርሻው ከኪስዎ ይምጣ። ከዚያ ጊዜውን ያርዝሙ፦ አንድ ሰከንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ አሥር።

አሥር ሰከንድ ሲችል አገጩ ፎጣው ላይ እንዳለ በሌላኛው እጅዎ ትከሻውን ይንኩ። ቀጥሎ እጅዎን እስከ ክርኑ፣ ቀጥሎ እስከ መዳፉ ያውርዱ። ሕጉ አንድ ነው፤ አገጩን ካነሳ እጅዎ ወዲያው ይነሳል። አይከተሉት፣ አይጎትቱት። ጥቂት ጠብቀው ፎጣውን እንደገና ያሳዩት። ይህ ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ ውሻው ሥራውን ለማስቆም ማጉረምረምም መንከስም እንደማያስፈልገው ያውቃል። ማስቆም የሚችል እንስሳ ደግሞ ብዙ ይታገሣል። ይህን ሕግ አንድ ጊዜ እንኳ ካፈረሱ («ትንሽ ቀርታለች፣ ልጨርሳት» ብለው) ሥራውን ከመጀመሪያው ለመጀመር ይዘጋጁ።

5. ዕቃውን ያለማምዱት።

ብሩሹን መሬት ላይ ያስቀምጡ፤ ባየውና ባሸተተው ቁጥር ያጉርሱት። ቀጥሎ በእጅዎ ይዘው፣ ቀጥሎ በጀርባው (ጥርስ በሌለው በኩል) ትከሻውን ነክተው፣ ቀጥሎ በጥርሱ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አድርገው። የጥፍር መቁረጫውንም እንደዚሁ። ለድምፁ ደረቅ ፓስታ ይጠቀሙ፦ ከውሻው ራቅ ብለው አንዱን ዘንግ በመቁረጫው ቀጭ ያድርጉና ያጉርሱት፤ ቀስ በቀስ ወደ መዳፉ ይቅረቡ። የመላጫ ማሽን የሚጠቀሙ ከሆነ በሌላ ክፍል አብርተው ይጀምሩ። ማሽን የሚያስፈራው በድምፁ ብቻ ሳይሆን በንዝረቱም ነው፤ ስለዚህ ጠፍቶ እንዲነካው፣ ከዚያ በርቶ በእጅዎ መዳፍ በኩል ንዝረቱ እንዲደርሰው ያድርጉ።

6. ማበጠር።

ከትከሻው ጀምረው ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ አጭር አጭር አድርገው ይሳቡ። ሦስት ሳብ፣ አንድ ጉርሻ። ረጅም ፀጉር ከሆነ በአንድ እጅ የላይኛውን ፀጉር ወደ ላይ ይያዙና ከሥር ያለውን በመስመር በመስመር ያበጥሩ። ከላይ ከላይ የተበጠረ ፀጉር ያማረ ይመስላል እንጂ ቆዳው አጠገብ ያለው ቋጠሮ እየጠበቀ ይሄዳል። ሆድን፣ የእግር ውስጠኛ ክፍልንና ጅራትን ለመጨረሻ ያቆዩ፤ ቆዳው እዚያ ስስ ነው። ለአጭር ፀጉር ውሻ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ለፑድልና ለማልቲዝ ዓይነቱ ባለ ረጅም ፀጉር ውሻ ግን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ያስፈልጋል።

ከጆሮ ጀርባ፣ ከአንገትና ከጣቶች መካከል መዥገር ካገኙ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አጠጋግተው ይያዙትና ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ቀስ ብለው ይሳቡት። ላምባ አይቀቡ፣ በክብሪት አያቃጥሉ፤ እንስሳውን ያቃጥላል፣ መዥገሩም ሲታወክ ምራቁን ቁስሉ ውስጥ ሊለቅ ይችላል።

7. ቋጠሮ መፍታት።

ቋጠሮን በመቀስ ለመቁረጥ አይሞክሩ። ቋጠሮው ሲሳብ ቆዳው አብሮ ተነስቶ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል፤ በዓይን ስለማይታይ መቀሱ ፀጉር የቆረጠ እየመሰለዎት ቆዳ ይቆርጣል። በተለይ የድመት ቆዳ ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይቀደዳል።

ይልቁን ትንሽ የበቆሎ ስታርች ነስንሰው በጣትዎ ያሹት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣትዎ ፀጉሩን ከቆዳው አጠገብ አጥብቀው ይያዙ፤ እንዲህ ሲሆን መጎተቱ ጣትዎ ላይ ይቀራል እንጂ ቆዳው ላይ አይደርስም። ከዚያ ከጫፉ ጀምረው በማበጠሪያው የመጀመሪያ ሁለት ጥርሶች ትንሽ ትንሽ ይፍቱ። ከሥሩ ከጀመሩ ይጠብቅብዎታል። አንድ ቋጠሮ ሦስት ቀን ቢፈጅ ችግር የለውም። ከቆዳው ጋር ተጣብቆ እንደ ንጣፍ የሆነውን ግን ቤት ውስጥ አይታገሉት፤ ሐኪም ወይም ባለሙያ በማሽን ይላጨው። ሳይፈታ ደግሞ አይጠቡት፤ ውሃ ቋጠሮን ያጠብቃል፣ ሥሩም እርጥበት ይዞ ቆዳውን ያቆስላል።

8. ጥፍር መቁረጥ።

በጥፍሩ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሥጋ አለ። እሱን መንካት ደም ያፈስሳል፣ በጣምም ያማል፤ ለወራት የሠሩትን እምነትም ያበላሻል። ስለዚህ የሚቆረጠው ጫፉ ብቻ ነው።

ጥፍሩ ነጭ ከሆነ ሥጋው ሮዝ ሆኖ በጎን ይታያል፤ ከእሱ 2 ሚሊ ሜትር ቀድመው ያቁሙ። ጥቁር ጥፍር ላይ ግን አይታይም። በአንድ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቁረጡና ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ የተቆረጠውን ፊት በብርሃን ይመልከቱት። መጀመሪያ ደረቅና ነጣ ያለ ይመስላል። መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ነጥብ ብቅ ሲል ሥጋው ቀርቧልና እዚያው ያቁሙ።

እግሩን ወደ ጎን ሳይጎትቱ በተፈጥሮ በሚታጠፍበት አቅጣጫ ይያዙት፤ ጣቱን ከመጭመቅ ይልቅ ደገፍ ያድርጉት። አንድ ጥፍር፣ አንድ ጉርሻ። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጥፍር ብቻ ቢቆርጡም በሁለት ሳምንት ገደማ ይዳረሳል። ከፊት እግር ውስጠኛ ጎን ከፍ ብላ ያለችውን ትርፍ ጥፍር አይርሱ፤ መሬት ስለማትነካ አታልቅም፣ ተጠምዝዛም ሥጋ ውስጥ ትገባለች።

ደም ከመጣ አይጩኹ። ጥፍሩን የበቆሎ ስታርቹ ውስጥ ነክረው በንጹሕ ጨርቅ 5 ደቂቃ ሳያነሱ ይጫኑት። በየሰከንዱ እያነሱ ካዩት አይቆምም። ያጉርሱትና ለዕለቱ ያብቁ።

9. ማጠብ (ለውሻ)።

ጤነኛ ውሻ በየ4 ወይም 6 ሳምንቱ ቢታጠብ ይበቃዋል። ቀዝቃዛ በሆኑ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች ፀሐይ ባለበት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታጠብና ከመምሸቱ በፊት ይድረቅ። በክረምት ወደ ማታ ማጠብ አይመከርም። የቁንጫ መድኃኒት ጀርባው ላይ ከተደረገለት ሁለት ቀን ሳያልፍ አይጠቡት።

ለሚፈራ ውሻ ከሻወር ይልቅ ባልዲና ጆግ ይሻላል፤ ሻወሩ ያንሾካሹካል፣ ውሃውም በድንገት ይመታል። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ደረቅ ሳፋ ውስጥ እየገባ ጉርሻ ይብላ። በማጠቢያው ቀን ሳፋው ውስጥ እርጥብ ፎጣ ያንጥፉ፣ እንዳያንሸራትተው። ውሃውን ውሻው ሳይመጣ አስቀድመው በሁለቱ ባልዲ ያዘጋጁ፤ ሙቀቱ 37 ወይም 38 ዲግሪ ይሁን፤ ክርንዎን ሲያስገቡ ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማዎት ማለት ነው።

ከኋላ እግሮቹ ጀምረው ወደ ፊት ይምጡ። የጆጉን አፍ ከቆዳው ጋር አጠጋግተው ቀስ ብለው ያፍስሱ። ሻምፖውን በሌላ ዕቃ አንዱን እጅ በአምስት እጅ ውሃ ያቅጥኑት፤ ቶሎ ይዳረሳል፣ ቶሎም ይታጠባል፣ ውሻውም ውሃ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ራሱ ላይ ውሃ አይፍሰስበት፤ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ። ጆሮ ውስጥ የገባ ውሃ ሕመም ያመጣል፣ ከዚያ በኋላ ውሻው ጆሮውን አያስነካም። ሻምፖው ጨርሶ እስኪለቅ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት፤ ከቀረበት ያሳክከዋል።

የሰው ሻምፖ፣ የልብስ ሳሙናና ዱቄት ሳሙና አይሆኑም። የሰው ሻምፖ የተሠራው ለሰው ቆዳ የአሲድነት መጠን ነው፤ የውሻ ቆዳ ከዚያ ይለያል። የልብስ ሳሙና ደግሞ የቆዳውን ቅባት ጠርጎ ያደርቀዋል።

10. ማድረቅ።

በፎጣ እየተጫኑ ውሃውን ያውጡ እንጂ አያሹት፤ ማሸት ረጅም ፀጉርን ይቋጥራል። የፀጉር ማድረቂያ አስቀድሞ ካልተለማመደ አይጠቀሙ። ከተለማመደም በለብታው፣ ከአንድ ክንድ ርቀት፣ ፊቱ ላይ ሳይሆን። ጆሮ ውስጥ የጆሮ ኩክ ማውጫ እንጨት አያስገቡ፤ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የሚታየውን ክፍል ብቻ በጥጥ ይጥረጉ።

ለድመት የሚለየው

ድመት ራሷን ስለምታጸዳ አብዛኛውን ጊዜ ማጠብ አያስፈልግም። ዘይት፣ ቀለም ወይም ኬሚካል ካልፈሰሰባት ወይም ሐኪም ካላዘዘ ይተዉት። ኬሚካል ከሆነ ደግሞ እየላሰች ትመረዛለችና ሳይዘገዩ ለሐኪም ይደውሉ።

የድመት ጊዜ አጭር ነው፤ 1 ወይም 2 ደቂቃ። ከጉንጯ፣ ከአገጯና ከጆሮዋ ሥር ይጀምሩ፤ መነካት የምትወደው እነዚህን ነው። ሆዷን ስታሳይዎት «አበጥረኝ» ማለቷ አይደለም። እርጎ ወይም የተፈጨ ዓሣ ሳህን ላይ ቀብተው እየላሰች ከጀርባዋ በኩል ሁለት ሦስት ጊዜ ማበጠር ብዙ ድመት ላይ ይሠራል። ይህ ግን ብሩሹን ለማትፈራ፣ መቆየት ብቻ ለሚያስቸግራት ነው፤ ብሩሹን ለምትፈራዋ ቁጥር 3ን ይከተሉ።

ጥፍሯን ለመቁረጥ ጣቷን ከላይና ከታች በቀስታ ጫን ያድርጉ፤ ጥፍሩ ይወጣል። ጠመዝማዛዋንና ብርሃን የምታሳልፈውን ጫፍ ብቻ ይቁረጡ። ተኝታ ሳለች ሁለት ጥፍር ቆርጦ መተው ከሁሉም ይቀላል። ግድ ሆኖ መያዝ ካለባት ሕፃን እንደሚጠቀለል በፎጣ ጠቅልለው የሚሠሩበትን አንድ እግር ብቻ ያውጡ፤ አንገቷ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። መታገል ከጀመረች ይፍቷት። በማጅራቷ ቆዳ ማንጠልጠል ያማል፣ ፍርሃቷንም ያብሰዋል። ከተደበቀችበት ጎትተው አያውጧት፤ መደበቂያዋ አስተማማኝ መሆኑን ካጣች ቤቱን በሙሉ ትፈራዋለች።

⚠ ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ድመት ላይ አያድርጉ። ብዙዎቹ ፐርሜትሪን የሚባል የነፍሳት ማጥፊያ አለባቸው፤ ድመት ጉበቷ ስለማይፈጨው ትንቀጠቀጣለች፣ ልትሞትም ትችላለች። ውሻው እንዲህ ያለ መድኃኒት ተደርጎለት ከሆነም ጀርባው እስኪደርቅ ድመቷ እንዳትልሰውና አብራው እንዳትተኛ።

⚠ ለከብት የሚረጭ ዲያዚኖን፣ የቤት ውስጥ የነፍሳት ስፕሬይ፣ ላምባና የሻይ ዛፍ ዘይት ለውሻም ለድመትም አይሆኑም።

⚠ ለማረጋጋት ብለው የሰው መድኃኒት አይስጡ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ የሰው የእንቅልፍ ኪኒንም መጠኑን ለእንስሳው የሚያስተካክል ሐኪም ካላዘዘ አደገኛ ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ሲያጉረመርም መምታት ወይም መቆጣት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በቅጣት ካጠፉት ፍርሃቱ ይቀራል፣ ማስጠንቀቂያው ብቻ ይጠፋል። ሳያጉረመርም የሚነክስ ውሻ የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

«አይዞህ» ማለትን መፍራት። ማጽናናት ፍርሃቱን ያስለምደዋል የሚል ነገር ይሰማል፤ አያስለምደውም። በለሆሳስ ያናግሩት። ጎጂው በጭንቀት የተሞላ፣ የሚጣደፍ ድምፅ ነው።

ማበጠር፣ ጥፍርና ገላ ማጠብን በአንድ ቀን ማድረግ። ለሚፈራ እንስሳ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ቀናት ናቸው።

ክረምት ወይም በጋ መጣ ብሎ ድርብ ፀጉር (ከላይ ሻካራ፣ ከሥር ለስላሳ) ያለውን ውሻ፣ ለምሳሌ ጀርመን ሸፐርድን፣ እስከ ቆዳው መላጨት። ያ ፀጉር ከፀሐይም ከብርድም ይከላከልለታል፤ ከተላጨ በኋላም እንደ ቀድሞው ላይበቅል ይችላል።

መልሶ ሲፈራ ተስፋ መቁረጥ። ትናንት እግሩን የሰጠ ውሻ ዛሬ ቢነፍግ ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። ርችት የተተኮሰበት ሌሊት፣ እንግዳ የበዛበት ቀን ወይም የቤት ለውጥ ለጥቂት ቀናት ሊመልሰው ይችላል።

ከነከሰ ወይም ከቧጨረ

ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠቡት። ትንሽ ናት ብለው ሳይንቁ፣ ውሻው ወይም ድመቷ የተከተቡ ቢሆኑም፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲወሰድ ነው። የድመት ንክሻ ደግሞ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ቶሎ ያመረቅዛል።

ለወራት በትዕግሥት ተለማምዶም መዳፉን የማያስነካ፣ ወይም ቋጠሮው ቆዳውን ያቆሰለ እንስሳ ካለዎት ወደ ክሊኒክ ከመሄድዎ በፊት ደውለው ስለ ፍርሃቱ ይንገሩ። ሐኪሙ እንስሳው ከቤት ከመውጣቱ በፊት የሚሰጥ ማረጋጊያ ሊያዝለት ይችላል። መጠኑን አስቀድመው እቤት እንስሳው ላይ መሞከር ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ፣ ክብደቱን ይንገሩ፣ የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶች ይጥቀሱ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ከሆነም ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብ እንደሚከለከል በስልኩ ላይ ይጠይቁና ይጻፉት።